ሆደ ሰፊ ብረት

ቅዳሜ ነው። ፋርሚንግተን። የመጋቢት ነፋስ
አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ጥርስ መሀል ሊፈስስ።
ከብረት ሻጩ ግቢ፣ ከመደርደሪያው ጥግ
ቆመናል እኔና ልጄ፣ ለመኪናችን ጎን ደግ
ብረት ልንመርጥላት፤
ከበሮቿ ሥር ተበይዶ አለት ላይ የሚያንሸራትታት።

ባለፈው ኅዳር ነው፣ ከገደሉ ወገብ፣
«ግራ ያዢ» አልኳት፣ ግራውን ሳላስብ።
ድንጋይ ምን አጠፋ፣ ቁጭ ብሎ በቦታው፤
በሩ ነው ሄዶ እላዩ ላይ የታጠፈው።
ትርሲት አልተጫረችም። እኔ ግን ዓይኔን ስከድን
እስከ ዛሬ እሰማለሁ ያን የቆርቆሮ ድምፅን።

ስለዚህ ወፍራም ነው የልቤ ፍላጎት፤
ግድግዳው ሩብ ኢንች፣ መድፍ የማይገባበት።
ሌሮይ ጾሲ ናቫሆ ነው፣ የግቢው ባለቤት፣
ግራ እጁ ሦስት ጣት፤ መጋዝ ነው የወሰደበት።
«ከዚህ የሚወፍር የለም ወይ?» ብለው፣
«አለ» አለ፣ «ያ እዚያ ጥግ የተጋደመው፣
የጋዝ ማስተላለፊያ ነው፤
መኪናህን እዚህ ተዋትና እሱን እየነዳህ ሂድ።»

ከዚያ ሁለት ቁራጭ አንሥቶ አቀበለኝ፣
ካንድ ማሕፀን የወጡ መንትዮች መሰሉኝ።
«ይሄኛው ቧንቧ ነው፣ በሆዱ ስፋት ይጠራል፤
ያኛው ቱቦ ነው፣ ቆዳው ይለካል፣ ሸክም ይችላል።»
ቧንቧ ውኃ ያሳልፋል፤
ክፉ ቀን ግን አያሳልፍም።
አራት ማዕዘኑም ነበር፣ ለመቁረጥ የሚቀል፤
ጠርዙ ግን አለት ሲያገኝ መንከስ ይወድዳል ተባል።

ጣቴን ከውስጥ ሰድጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት፤
ቀጭን ጠባሳ አገኘኝ፣ ስፌቱ ያለበት።
ላሜራ ነበረ ለካ፣ ተጠቅልሎ የተበየደ።
ሌላውም ተሰፍቶ ነበር፤ ዳግም በሻጋታ ስለሄደ
ጠባሳው የለም፤ ዋጋው ግን አለ፣
እጥፍ ሆኖ። እጄ ኪሴ ውስጥ እንደገባ ዋለ።

ትርሲት ኮሌጅ ገብታ ብየዳ ነው የምትማር፤
ካሊፐሯን አውጥታ አስነከሰችው ብረቱን፣ ምንም ሳትናገር።
ከዚያ በነጭ ጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ጻፈች፦
«ወፍራሙ በጫማ አራት ፓውንድ፣ ቀጭኑ ሁለት» አለች።
«አርባ ጫማ እንፈልጋለን፤ እስቲ አባዬ አስበው፣
ትጥቁ እሷን ከመጠበቁ በፊት፣ እሷ ናት የምታዝለው።»
ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፦
«ፍርሃትህን በፓውንድ አትግዛ።»

ሌሮይ ድፍን ዘንግ በመዶሻ መታ፤ ድምፁ ባጭር ቀረ፤
ክፍቱን መታው፤ እንደ ደወል ረጅም ተናገረ።
ያኔ አንድ ቃል መጣልኝ፣ እሱ በማያውቀው ቋንቋ፤
ድፍኑ ደረቅ ነው፣ ብትመክረው የማይነቃ፤
ክፍቱ ግን ሆደ ሰፊ ነው፤
ዱላ ሲወርድበት ለመላ አካሉ የሚያካፍለው፣
ትንሽ ጎበጥ ብሎ የሚያሳልፈው።
እኔ እኮ ሆደ ሰፊ ሰው ሳይ
ባዶ ይመስለኝ ነበር።

ገንዘባችን ለሁለት ዓይነት ነው የበቃው፦
ለታችኛው፣ ከድንጋይ ፊት ለሚቆመው፣ ጠባሳ የሌለው፤
ለላይኛው ባለ ስፌቱ። «ሳጥፈው» አለች፣
«ስፌቱን መሀል ላይ አውለዋለሁ፣
ከማይለጠጥበት፣ ከማይጨመቅበት።»
ሌሮይ ይህን ሲሰማ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ፤
ከደረሰኙ ላይ አሥራ ሁለት ዶላር አጠፋ።

እጃችን በዘይት ጠቁሮ፣ ከጫፋቸው ቀይ ጨርቅ አስረን ወጣን።
ነፋሱ በክፍት አፋቸው እየገባ ያፏጫል፤
የሁለቱ ዜማ አንድ አይደለም፣ ጆሮ ይለያል።
ከትራፊክ መብራቱ ስንደርስ፣
የቤታችንን መንገድ ከኔ እኩል እያወቀች፣
መሪውን ባንድ እጇ ይዛ፣ ፈገግታዋን ውጣ፣
«ግራ ነው ቀኝ?» አለች።

ከንፈሬን ገጠምኩ።
ቱቦዎቹ ብቻ አፏጩ።